ከዲፕሎማ ነርስ ወደ ዲግሪ፦ ባሕር ዳር ሆኖ መንገድ ለሚመርጥ

ዲግሪ ለመጀመር ያሰበ ዲፕሎማ ነርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው “የትኛው ኮሌጅ ይሻላል?” ብሎ ነው። ቀጥሎ “ክፍያው ስንት ነው?” ይላል። ሁለቱም የሚጠየቁ ናቸው፤ ቀድመው ሲመጡ ግን ያሳስታሉ። የነርስ ዲግሪ ጋዋን ለብሰው ፎቶ በተነሱበት ቀን አያልቅም። የሚያልቀው በዲግሪ ደረጃ የተጻፈ የሙያ ፈቃድ እጅ ሲገባ ነው። ስለዚህ መንገዱ ከመጨረሻው ወደ ኋላ እየተቆጠረ ቢመረጥ ይሻላል።

እንቁጠር። ፈቃዱን ለማግኘት የጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን የብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሊሰንሸር የሚባለውን ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ወደዚያ ለመድረስ ዲግሪው መያዝ አለበት። ዲግሪውን ለመያዝ ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴር የመውጫ ፈተና አለ። ይህኛው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀመረ፤ በኮምፒውተር ይሰጣል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ የግል ኮሌጅ ተማሪም የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ያንኑ ፈተና ይፈተናል። ያላለፈ ድጋሚ መቀመጥ ይችላል፣ እስኪያልፍ ድረስ ግን ዲግሪ የለም። ለመውጫ ፈተናው ስማችሁን የሚልከው ተቋሙ ነው። ስም መላክ የሚችለው ደግሞ ፕሮግራሙ ዕውቅና ሲኖረው ነው። ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት የሚቀልጠው እዚህ ጋ ነው።

ዕውቅና ለኮሌጅ ስም በጅምላ አይሰጥም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚያየው የትምህርት መስኩን፣ ደረጃውን፣ ካምፓሱንና አሰጣጡን ለየብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ በነርሲንግ ዲግሪ የተፈቀደለት ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፉ ላይ ያንን ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። በፋርማሲ ኖሮት በነርሲንግ፣ በመደበኛ ኖሮት በኤክስቴንሽን የማይኖረውም ያጋጥማል። የደረጃ 4፣ ማለትም የዲፕሎማው ሥልጠና ፈቃድ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ወረቀት ነው፤ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ ስላያችሁት ብቻ የዲግሪውም እንዳይመስላችሁ። ሬጅስትራር ቢሮ ገብታችሁ ደብዳቤውን አሳዩኝ በሉ። መስኩ ነርሲንግ መሆኑን፣ ካምፓሱ ባሕር ዳር መሆኑን፣ አሰጣጡ እናንተ የምትማሩበት መሆኑን፣ የሚያበቃበትንም ቀን አንብቡ። የሦስት ዓመት ትምህርት ልትጀምሩ ፈቃዱ በስድስት ወር የሚያበቃ ከሆነ እድሳቱ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ባለሥልጣኑ በቅርብ ዓመታት የግል ተቋማትን እንደ አዲስ መመዝገብ ስለጀመረ አምና ትክክል የነበረ መልስ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ባለሥልጣኑ በሚያወጣው ዝርዝርም አመሳክሩ። “በሒደት ላይ ነው” የሚል መልስ ከሰማችሁ “የለም” ብላችሁ ተርጉሙት።

አሁን ወደ መንገዶቹ።

የመጀመሪያው በመሥሪያ ቤት ስፖንሰርነት መማር ነው። ጤና ቢሮው ወይም ሆስፒታሉ የትምህርት ዕድል ሲያወጣ በአገልግሎት ዘመን፣ በሥራ አፈጻጸም ውጤትና በዲሲፕሊን ታሪክ ይወዳደራሉ። ገንዘቡን ስታዩት ከሁሉ ይሻላል። ዋጋው ግን ሁለት ነው፤ ተራ መጠበቅና ከትምህርት በኋላ የአገልግሎት ግዴታ። ውሉን ከመፈረም በፊት ሦስት ቦታ ላይ ጣት ማሳረፍ ያስፈልጋል። ስንት ዓመት ታገለግላላችሁ? ግዴታው የሚፈጸመው በላካችሁ ጤና ጣቢያ ነው ወይስ በክልሉ ውስጥ በየትም? ብታቋርጡ ወይም ፈተናውን ባታልፉ የሚመለሰው ገንዘብ እንዴት ይሰላል? ሦስተኛውን ማንም አይጠይቅም፤ ዋስ የሚሆነው ሰው ግን ሊያውቀው ይገባል። ተራ መጠበቅን በተመለከተ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ በተቋማችሁ ዕድሉ ባለፉት ዓመታት ለስንት ነርስ እንደደረሰና ከፊታችሁ ስንት ሰው እንዳለ ሜትረኗ (የነርሶች ኃላፊዋ) ታውቃለች። ተራው ከሦስት ዓመት በላይ የሚርቅ ከመሰለ በራስ ወጪ መጀመርን ማሰብ ይሻላል፣ ምክንያቱም የመግቢያ መመሪያው በየጊዜው ይቀያየራል፣ ሲቀየር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይጠብቃል እንጂ አይላላም።

መደበኛ ተማሪ ሆኖ እንደገና መጀመር ለአብዛኛው ሠራተኛ የማይታሰብ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይጠይቃል፣ ሥራም ያስለቅቃል። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ላለ፣ ቤተሰብ ለሚያግዘው፣ ውጤቱም ለሚያበቃው ግን ንጹሕ መንገድ ነው።

ሦስተኛው ኤክስቴንሽን ነው፤ የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ። አብዛኛው ሰው የሚሄድበት ስለሆነ ከታች ብዙ የምለው በእሱ ላይ ነው።

በመሐል ሁለት ማሳሳቻዎች አሉ። ደረጃ 5 ከደረጃ 4 በላይ ስለሆነ ዲግሪ የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም፣ በቴክኒክና ሙያ መሰላሉ ላይ ያለ ደረጃ ነው። ሁለተኛው ደግሞ “ዲግሪ ዲግሪ ነው” ብሎ ርካሽና ቅርብ የሆነውን ማኔጅመንት ወይም አካውንቲንግ መጨረስ ነው። ሰው ተምሮ አይከስርም፤ ግን ያ ወረቀት የነርስ ፈቃድ አይሰጥም፣ የነርስ መደብም አያስይዝም። በርቀት ነርስ እናደርጋለን የሚላችሁ ካለ ደግሞ ሳትከራከሩ ውጡ። ታማሚ በፖስታ አይላክም።

መስክ መምረጡም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከዲፕሎማ ነርስነት ወደ ሕዝብ ጤና ዲግሪ የሚሻገሩ ብዙ ናቸው፣ ጤና ጣቢያ ላይ ታካሚ መርምሮ ማዘዝን ለሚወድ ደህና መንገድ ነው። ነገር ግን ስትመረቁ ነርስ አትባሉም፤ ፈቃዱ በሌላ ሙያ ስም ይወጣል። ነርሲንግ ውስጥ ለመቆየት የወሰነ ሰው ደግሞ ኮምፕሪሄንሲቩን (አጠቃላይ ነርሲንጉን) ይያዝ ወይስ እንደ ድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን፣ ሕጻናት፣ ጨቅላ ሕጻናት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሳይካትሪ ያለውን ልዩ ዘርፍ? የሚኖረው ወረዳ ላይ ከሆነ ኮምፕሪሄንሲቭ ይመቻል፣ ክፍት መደቡ ሰፊ ስለሆነ። ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ አሁኑኑ ኦፕሬሽን ክፍል ወይም ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠራ ከሆነ ልዩ ዘርፉ ያለውን እጅ ያጠነክርለታል፤ በኋላ ወደ ወረዳ መዛወር ካሰበ ግን የሚጠብቀው መደብ ይጠባል።

ልምምዱ በየትኛው ቀን ነው?

ኮሌጅ ለመምረጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ፍቀዱልኝ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ንድፈ ሐሳቡ ቅዳሜና እሑድ ቢሰጥ ችግር የለም፤ ፋርማኮሎጂ እሑድም ያው ፋርማኮሎጂ ነው። የሆስፒታል ልምምዱ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ከሆነ ግን ትምህርቱ ግማሽ ነው። እሑድ ዕለት ዋርድ ሌላ ነው። ቀጠሮ ያለው ቀዶ ሕክምና አይሠራም፤ ተመላላሽ ክፍሎች ዝግ ናቸው፤ የእርግዝና ክትትል፣ የክትባት፣ የቲቢ፣ የኤችአይቪ ክትትል ክፍሎች የሉም፤ ራውንዱን የሚያደርገው ተረኛ ሐኪም ነው፣ እሱም ወደ ድንገተኛ ክፍል እየተጠራ። እንዲህ ባለ ቀን የተላከ ዲፕሎማ ነርስ የሚሠራው ቪታል ሳይን መለካትና መድኃኒት መስጠት፣ ማለትም ሰኞ ዕለት ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራውን ነው። ክፍያ ከፍሎ ያንኑ መድገም ምን ይባላል?

ደህና ፕሮግራም ልምምዱን በብሎክ ይሰጣል፤ ተከታታይ ሳምንታት፣ በሥራ ቀናት፣ ከፕሪሴፕተር (ዋርዱ ላይ ከሚያለማምድ ባለሙያ) ጋር፣ ሎግ ቡክ (የተሠራው የሚመዘገብበት ደብተር) እየተፈረመ። ይህ ለሠራተኛ ከባድ ነው፤ ስለዚህ የዓመት ፈቃድ ቀደም ብሎ መታሰብ አለበት። የመንግሥት ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 20 የሥራ ቀን አለው፣ በየዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ እስከ 30 ይደርሳል። የብሎኩን ቀን ከኮሌጁ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ በጽሑፍ ወስዶ ለሄድ ነርስ መስጠት እና ፈቃዱን በዚያ ላይ ማሳረፍ ነው መላው። የዓመት ፈቃዱን ለጥምቀትና ለፋሲካ ከጨረሱ በኋላ ሰኔ ላይ ብሎክ ሲመጣ ለቅያሬ የሚለመኑት እነዚያው ባልደረቦች ናቸው።

የት እንደምትመደቡም ጠይቁ። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ውስጥ ሌላ ቦታ የማይታይ ሕሙም ይታያል፤ ከባድ ቀዶ ሕክምና፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ የጨቅላ ሕጻናት ክፍል እዚያ ነው። ነገር ግን የሕክምና ተማሪው፣ ኢንተርኑ፣ ሬዚደንቱ፣ የሌሎች ኮሌጆች ነርሶችና አዋላጆች ሁሉ የሚመጡት ወደዚያው ነው። አንድ አልጋ ዙሪያ የቆመ ሕዝብ ከበዛ ኋላ ያለው የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ላይ ደግሞ የሚታየው ዓይነት ያንሳል፣ እጅ ግን ይነካል። የተሻለው ድብልቅ ነው፤ ሜዲካል፣ ሰርጂካል፣ ሕጻናትና ጽኑ ሕሙማን በትልቁ፣ ማዋለጃና የማኅበረሰብ ጤና በትንሹ። ጥበበ ግዮን በአዴት መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ የጠዋት ትራንስፖርቱን በወጪውም በሰዓቱም ላይ አስቡት።

ከከተማው ውጭ ለሚሠራ ሰው ርቀቱ ራሱ መስፈርት ነው። ከመራዊ ወይም ከሐሙሲት ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ ክፍል መድረስ ይቻላል። ከደቅ ደሴት ለሚመጣ ግን ጀልባ አለ፣ ማዕበል አለ፤ ዓርብ ከሰዓት ካልተነሳ ቅዳሜ ጠዋት የለም፣ እሑድ ማታም መመለሻ የለም። እንዲህ ላለ ሰው የቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚመቸው። ክረምት ላይ ተጠቃሎ የሚሰጥ ካለ እሱን፣ ከሌለ መጀመሪያ ወደ መሬት ዝውውር መጠየቅን አስቀድሙ። መንገድ የሚዘጋበትና ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ ስላለም የመምህሩን ሞጁልና ስላይድ በተገኘ ቁጥር ስልክ ላይ ማውረድ፣ የሚቻለውንም ማሳተም ልማድ ይሁን።

ወጪው

ኮሌጁ የሚናገረው ዋጋ በክሬዲት ወይም በሴሚስተር ነው። ያንን ጠቅላላ ክሬዲት ላይ አባዙና ምዝገባውን፣ የልምምድ ክፍያውን፣ የመውጫ ፈተናውን፣ ዩኒፎርሙን፣ የጥናት ጽሑፍ ኅትመቱን ጨምሩበት። የደረጃ 4 ኮርሶቻችሁ ስንት ክሬዲት እንደሚያስነሱም በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል የተነገረ ነጻ ማውጣት ሦስተኛው ሴሚስተር ላይ ይረሳል። ከዚያ ማንም የማይቆጥረው ይመጣል፤ የቀረ ዲዩቲ። ቅዳሜና እሑድ ክፍል ስትገቡ የምታጡት የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የግል ክሊኒክ ተጨማሪ ሥራ ካላችሁም የእሱ። ይህ በዓመት ሲደመር ከትምህርት ክፍያው ሊበልጥ ይችላል። አንዳንዶች ይህን ለመመለስ የሌሊት ተራ ይደራርባሉ። ዓርብ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ቅዳሜ ጠዋት ክፍል የገባ ሰው ግን ተቀምጧል እንጂ አልተማረም። ሌሊቱን ከእሑድ እስከ ሮብ ባሉት ቀናት ማድረግ፣ ሐሙስና ዓርብን መተኛት ይሻላል፤ ለዚህ ደግሞ ተመሳሳይ ፕሮግራም ላይ ከሌለ ባልደረባ ጋር ቋሚ መቀያየር ያስፈልጋል። ከአንድ ዋርድ ሦስት ነርስ አንድ ላይ አንድ ክፍል ሲመዘገብ ተራው ይፈርሳል፤ ሄድ ነርሷ ላይ አትፍረዱ።

ወረቀት

የደረጃ 4 ዲፕሎማ ዋናው፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ሰርተፊኬት፣ የ10ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ያልታገደና ያላለፈበት የሙያ ፈቃድ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ደብዳቤ፣ ፋይዳ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በእጅ አይያዝም፤ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ በታሸገ ፖስታ ይሄዳል፣ ተከፍቶ የመጣ አይቀበሉትም። የወጪ መጋራት ያለበት ሰው ሰነዱ እንዲለቀቅለት መጀመሪያ እሱን ማጥራት አለበት። ከግል ተቋም የመጣ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበትን ማስረጃ እንዲያያይዝ ይጠየቃል።

ከሁሉ የሚያስለቅሰው ስም ነው። የ10ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት፣ ሲኦሲ ላይ ሌላ ዓይነት፣ ፋይዳ ላይ ሦስተኛ ዓይነት የተጻፈ የአባት ስም ብዙ አለ፤ አንድ ፊደል መጉደሉ ወይም መደገሙ ይበቃል። መግቢያ ላይ ያልፋል፤ የመውጫ ፈተና ምዝገባ ላይ ወይም ፈቃድ ሲወጣ ይያዛል፣ ያኔ ጊዜ የለም። ከመመዝገብ በፊት ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ፊደል በፊደል ማየት፣ የተለየውን ሰነድ ባወጣው መሥሪያ ቤት ማስታረም ነው።

ወደ ውጭ የመሄድ ሐሳብ ያለው ደግሞ አንድ ነገር ይጨምር። አሜሪካ ውስጥ ፕራክቲካል ነርስና ሬጅስተርድ ነርስ ፈተናቸው የተለያየ ነው፤ የሬጅስተርዱ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ ጣሪያው አምስት ሰዓት ነው። ወደዚያ ከመድረሱ በፊት ግን የትምህርት ማስረጃ የሚመዝኑት በአዋቂዎች፣ በእናቶች፣ በሕጻናትና በአእምሮ ጤና ነርሲንግ ንድፈ ሐሳቡም ልምምዱም መኖሩን ያያሉ። ስለዚህ ስትመረቁ ኮሌጁ የየኮርሱን የንድፈ ሐሳብና የልምምድ ሰዓት ለይቶ እንዲጽፍላችሁ አድርጉ፤ የኮርስ መግለጫውንም ያዙ። ከአሥር ዓመት በኋላ ያንን ከተዘጋ ካምፓስ ማውጣት አይቻልም። የሳይካትሪ ልምምድን “ጊዜ አልበቃም” ብሎ የሚዘል ፕሮግራም እዚህ ላይ ነው የሚያስከፍለው።

ልምድ ያለው ነርስ ለምን ይወድቃል?

ስምንት ዓመት የሠራች ሲስተር የመውጫ ፈተና ስትወድቅ፣ ካኑላ አስገብታ የማታውቅ ልጅ ስታልፍ ሰው ይገረማል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ልምድ ያለው ሰው “እኛ ዋርድ ምን ይደረጋል?” ብሎ ይመልሳል። ፈተናው የሚጠይቀው ደግሞ መጠኑን ሳይሆን ምክንያቱን፣ ቅደም ተከተሉንና መቼ እንደማይደረግ ነው። የዲፕሎማና የዲግሪ ልዩነቱም እዚያው ላይ ነው።

በእርግዝና የደም ግፊት የሚመጣውን ማንቀጥቀጥ ለመከላከልና ለማከም የሚሰጠውን ማግኒዥየም ሰልፌትን እንውሰድ። ማዋለጃ ክፍል የሠራ ሁሉ መነሻውን መጠን ያውቃል፤ 14 ግራም ነው፣ 4 ግራም በደም ሥር፣ 10 ግራም በጡንቻ፣ በየመቀመጫው 5 ግራም። ያለው 50 በመቶ ከሆነ 1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም አለ። ስለዚህ ለደም ሥሩ 8 ሚሊ ሊትር ተወስዶ 12 ሚሊ ሊትር ለመርፌ የሚሆን ውሃ ይጨመርበታል፣ 20 ሚሊ ሊትር የ20 በመቶ ይሆናል፣ ከ5 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ቀስ ብሎ ይሰጣል። ለጡንቻው በየጎኑ 10 ሚሊ ሊትር ነው። እዚህ ድረስ ሁሉም ይመልሳል። ጥያቄው ቀጥሎ ነው፦ ከአራት ሰዓት በኋላ የሚሰጠውን 5 ግራም ከመስጠታችሁ በፊት ምን ታያላችሁ? ትንፋሽ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ የጉልበት ሪፍሌክስ (ጉልበት በመዶሻ ሲመታ እግር መፈናጠሩ) መኖሩ፣ ሽንት ባለፉት አራት ሰዓታት ቢያንስ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር። ለምን ሽንት? ማግኒዥየም የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ሽንት ከቀነሰ መድኃኒቱ ይጠራቀማል። ሲጠራቀም መጀመሪያ ሪፍሌክስ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ይቆማል፤ ስለዚህ የጉልበት መዶሻው ማስጠንቀቂያ ነው። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም፣ የ10 በመቶው 10 ሚሊ ሊትር፣ ቀስ ተብሎ በደም ሥር። ዋርድ ላይ ይህን ሰንሰለት በቃል ሳይሉት የሚሠሩት አሉ፤ ፈተናው ግን ሰንሰለቱን እየሰበረ ነው የሚጠይቀው።

ሌላው የውሃ እጥረት ነው። ሁለት ዓመት የሞላው፣ 10 ኪሎ የሚመዝን፣ ከባድ የውሃ እጥረት ያለበት ልጅ፤ በኪሎ 100፣ ጠቅላላ 1000 ሚሊ ሊትር፤ 300ው በ30 ደቂቃ፣ 700ው በሁለት ሰዓት ተኩል። አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሆነበት የፈሳሽ መስጫ ቱቦ (ሴት) 700 ሲባዛ በ20፣ ሲካፈል ለ150 ደቂቃ፣ በደቂቃ 93 ጠብታ ነው። የመጀመሪያው 300 ደግሞ በደቂቃ 200 ጠብታ ይሆናል፤ ማንም አይቆጥረውም። ስለዚህ ጠብታ ትታችሁ ከረጢቱን እዩ፤ በየ5 ደቂቃው 50 ሚሊ ሊትር መውረድ አለበት። ስህተቱ የሚመጣው 60 ጠብታ የሆነውን የሕጻናት ቱቦ ሰቅሎ በ20 ሲያሰሉ ነው፤ ልጁ የሚያገኘው ሲሶውን ብቻ ይሆናል። ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ሰዓቱ ይለወጣል፤ በኪሎ 30ው በአንድ ሰዓት፣ 70ው በአምስት ሰዓት። አሁን ያንኑ ልጅ ከባድ የምግብ እጥረት ያለበት አድርጉት፤ ያ ሁሉ ስሌት ይወድቃል። ልቡ ያን ያህል ፈሳሽ አይችልም፤ ሾክ ከሌለበት በደም ሥር አይሰጠውም፣ ሪሶማል (ለምግብ እጥረት የተዘጋጀ ንጥረ ነገር) በአፍ ወይም በአፍንጫ ቱቦ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር በየ30 ደቂቃው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ይሰጠዋል። መጠኑን በቃል የያዘው እዚህ ይወድቃል፣ ምክንያቱን የያዘው ያልፋል።

“መጀመሪያ የምታደርገው የቱን ነው?” ለሚሉት ጥያቄዎችም እንዲሁ። ደም እየተሰጠው ያንቀጠቀጠው ታካሚ ላይ አራቱም ምርጫ ትክክል ናቸው፤ ቀዳሚው ግን ደሙን ማቆም ነው፤ መስመሩን በአዲስ ቱቦ በኖርማል ሳላይን ክፍት ማድረግ፣ ሐኪም መጥራትና ከረጢቱን ወደ ላቦራቶሪ መላክ ተከታይ ናቸው።

ለሠራተኛ የሚያዋጣው ጥናት ዋርድ ላይ ያየውን አንድ ታካሚ ማታ ወደ መጽሐፉ መመለስ ነው። ቻርቱ ላይ ሦስት መድኃኒት ካለ የሦስቱን አሠራር፣ መከልከያና ክትትል መጻፍ፤ ከዚያ የነርሲንግ ዕቅዱን በራስ ቃል መሥራት። ለመውጫ ፈተናው የወጣውን ብሉፕሪንት ግን ከመጀመሪያው ዓመት ያዙት፤ የትኛው ኮርስ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይነግራል። ነርስ የሚንቃቸው የማኅበረሰብ ጤና፣ የጥናት ዘዴ፣ ስታትስቲክስና የነርሲንግ አመራር እዚያ ውስጥ አሉ፣ ዲፕሎማ ላይ ደግሞ ያልተነኩ ናቸው።

ለጥናት ጽሑፉ ርዕስ ሩቅ አትሂዱ። ከዘጌ እስከ ፎገራ ባለው የጣና ሐይቅ ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ፣ ወባ አለ፤ ሊቦ ከምከምና ፎገራ በ1997 ዓ.ም. የካላዛር ወረርሽኝ ያዩ ወረዳዎች ናቸው። ናሙናውን ስታሰሉ ስርጭቱን 50 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑን 5 በመቶ ካላችሁ 384 ይወጣል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 422 ወይም 423። ይህ ቁጥር በየተማሪው ጽሑፍ የሚገኘው አካባቢው ስለሚመሳሰል አይደለም፤ ሁሉም ያለፈ ጥናት ሳያነብ 50 በመቶ ስለሚወስድ ነው። በአካባቢው የተሠራ ጥናት ፈልጋችሁ የእሱን ስርጭት ብትወስዱ መርማሪው የመጀመሪያ ጥያቄውን ያጣል። ብር ከሌለ የታካሚ ካርድ ክለሳ ሥሩ፤ ያም ቢሆን የሥነ ምግባር ፈቃድ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ ደብዳቤው ደግሞ ቀላል የማይባል ጊዜ ይወስዳል።

ከፈቃዱ በኋላ

ፈቃዱ ስለወጣ ደመወዙ በራሱ አይለወጥም። መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ደመወዝ የሚከተለው መደቡን እንጂ ዲግሪውን አይደለም፤ በዲግሪ ደረጃ ክፍት የነርስ መደብ መኖር አለበት፣ ያም ይወዳደሩበታል። ተምረው ጨርሰው በዲፕሎማ መደብ የሚሠሩ ነርሶች የበዙት ለዚህ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ዓመት ላይ፣ የሚቀጥለው በጀት ከመያዙ በፊት፣ ሰው ሀብት ገብታችሁ በመዋቅሩ ስንት የዲግሪ ነርስ መደብ እንዳለና ስንቱ እንዳልተሞላ ጠይቁ። በዲፕሎማ የተሠራው ዘመን ለአዲሱ መደብ እንዴት እንደሚቆጠርም እዚያው ይነገራችሁ፤ በጽሑፍ። እዚያ መደብ ከሌለ የአጎራባች ወረዳዎችን ማስታወቂያ መከታተል ይጀመራል። ስፖንሰር ያለው ሰው ግን ግዴታውን ሳይጨርስ መልቀቂያ አያገኝም።

ፈቃዱና ዲግሪው እንደወጣ ኮፒያቸውን ከማመልከቻ ጋር በሁለት ቅጂ ለመዝገብ ቤት አስገቡ፤ አንዱን ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። የማኅደር ክርክር ሲመጣ የሚጠየቀው መቼ ተመረቅሽ ሳይሆን መቼ አስገባሽ ነው።